በካሴት ላይ ማን ይፈርማል?

ደራሲው የፈረመበትን የመጀመሪያ እትም የሚያሳድድ፣ የድሮ ሸክላ የሚለቅም ሰው በእኛ ዘንድ መልካም ስም የለውም። መጽሐፉን በላስቲክ ጠቅልሎ ያስቀምጣል እንጂ አያነብም፤ ሸክላው እንዳይጫርበት ፈርቶ አያጫውትም፤ ሲብስም ዋጋው እስኪወደድ ጠብቆ ለውጭ አገር ሰው ይሸጣል ይባላል። ሐሜቱ ከፊሉ እውነት ቢሆንም ሒስ ሊባል ግን አይችልም። ሰብሳቢን በንፉግነቱ መውቀስ ቀላል ነው። እስካሁን ብዙም ያልተነካው ጥያቄ የሰብሳቢው ምርጫ የጥበብ ታሪካችንን ድንበር የት ላይ እንዳሰመረ ነው።

አስቀድሜ የሚገባውን ልስጠው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ሲታተም ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ «ጦቢያ» የሚለውን ስም ያገኘው በኋለኞቹ እትሞች ነው። ስለ መጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚጽፍ ተመራማሪ የኋለኛውን እትም ብቻ ይዞ ከተነሳ ከመነሻው ሌላ ስም ይዞ ነው የሚነሳው። የመጀመሪያ እትም ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ማስረጃ ነው። ፊርማ ግን በዚህ ማስረጃ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። በመጽሐፍ ምረቃ ላይ ተሰልፈው ያስፈረሙት ስም ደራሲው በዚያ ቀን በዚያ አዳራሽ እንደነበረ ከመመስከር አያልፍም። ለእኔ አንድ የማይታወቅ አንባቢ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የሞነጫጨረው ተቃውሞ ከፊርማው ይበልጥብኛል፤ ገበያው ግን ይህን እንደ ጉድፍ ቆጥሮ ዋጋ ይቀንስበታል።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. ደግሞ እንደ ወጣ ቀረ። ከዚያ ለቀማ ያመለጠ ቅጂ ቢወደድ አይገርምም። ነገር ግን መጽሐፉን በእገዳው ዘመን በሕይወት ያቆየው በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ ነው። ስለዚህ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ጠርዙ በጣት ወዝ የጠቆረ ቅጂ ንጹሕ ሆኖ ከተቀመጠው የበለጠ ምስክር ነው። ሰብሳቢው ንጹሑን ይመርጣል፤ ስለ መጽሐፉ ዕድል የሚናገረውን ይጥላል።

ነገሩ በሙዚቃ ይከፋል። አምሃ እሸቴ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቲያትር ብቻ በተሰጠበት ዘመን እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍሮ ማሳተም መጀመሩ፣ በ1975ም አገር ለቆ መውጣቱ የታወቀ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰምቶ ተማርኮ አዲስ አበባ ድረስ መምጣቱ፣ በኋላም «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ማዘጋጀቱ እንዲሁ። ውለታው አይካድም። ቢሆንም የተከታታዩ የመጀመሪያ ቅጽ የዘመናዊ ሙዚቃችንን «ወርቃማ ዓመታት» ከ1969 እስከ 1975 ብሎ ወሰናቸው። ወሰኑ የአንድ አሳታሚ፣ የአምሃ ሪከርድስ፣ ዕድሜ ነው። እኛ ግን የአገሪቱ ሙዚቃ ዕድሜ አድርገን ተቀበልነው፤ በየመድረኩም እንደግመዋለን።

አብዮቱና ሰዓት እላፊው ሙዚቃውን አልጎዱትም ማለቴ አይደለም። የማታ ጭፈራ ቤት የሌለው ከተማ ባንድ ማቆየት ይከብደዋል። ነገር ግን በእነዚያው ዓመታት ሸክላ ቀርቶ ካሴት ተተካ፤ ካሴትን ደግሞ የሚሰበስበው አልነበረም። ያልተሰበሰበውም እንዳልተፈጠረ ተቆጠረ። ሌላም ማዛባት አለ፦ የውጭው ሰብሳቢ ግጥሙን ስለማይሰማ ድምፃዊ የሌለበትን ይወዳል። የሙላቱ አስታጥቄ ቅንብሮች እ.ኤ.አ. በ2005 በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ከገቡ ወዲህ በዓለም ፊት የአገሪቱ ሙዚቃ ዋና መታወቂያ ሆኑ። እዚህ ሕዝብ በየቤቱ የሚያዜመው የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ ግን እዚያ የጥቂቶች ምርጫ ሆኖ ቀረ።

ካሴት ለምን እንዳልተሰበሰበ ለመረዳት አሠራሩን ማየት ያስፈልጋል። ሸክላ በአንድ ፋብሪካ ከአንድ ቅርጽ ይታተማል፤ ስለዚህ «የመጀመሪያ እትም» የሚባል ነገር አለው። ካሴት ግን በሙዚቃ ቤት ይባዛል፣ ገዢው ለጎረቤቱ ይቀዳለታል፣ ጎረቤቱም ለዘመዱ። በየቅጂው ሹክሹክታው ይጨምራል፣ የከበሮው ጫፍ ይደበዝዛል፣ ክሩ ተስቦ ዜማው ይዘገያል። እንዳይጠፋ ተብላ የተሰበረችውን የጀርባ ፕላስቲክ ቀዳዳ በወረቀት ደፍኖ ሌላ ዘፈን መቅዳትም ይቻላል፤ ስንቱ ሥራ በሌላ ሥራ ሥር እንደተቀበረ እግዚአብሔር ይወቅ። ታዲያ የትኛው ቅጂ ነው ኦሪጅናሉ? ፊርማስ የት ላይ ይቀመጣል? የሰብሳቢው መለኪያ እዚህ ይሰበራል፤ እሱ ግን መለኪያውን ከመጠየቅ ይልቅ ካሴቱን ናቀ።

የናቀውን አንዱን ልጥቀስ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ከቀረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮን፣ ሞግ ሲንተሳይዘር፣ ሮድስ የኤሌክትሪክ ፒያኖና የኤሌክትሪክ ከበሮ ይዞ ብቻውን ቀረጸ። ሽለላ አለበት፤ ግን የሚሸልል ሰው የለም። የፎካሪውን ትንፋሽ አኮርዲዮኑ ይወስደዋል፤ ከሥሩ ያለው ከበሮ ደግሞ የማይደክም፣ የማይሞቅ፣ ማንም ቢፎክር ግድ የሌለው ማሽን ነው። ሽለላ አድማጭ ፊት ቆሞ የሚቀርብ ጥበብ ነው፤ እዚህ አድማጩም ባንዱም የሉም። ውጤቱ ግን ቀዝቃዛ አይደለም። አኮርዲዮኑ ከማሽኑ ምት ትንሽ እየዘገየ ሲከተል ሰውና መሣሪያ የሚጨቃጨቁ ይመስላል፤ ሥራው በሙሉ ያለው በዚያች መዘግየት ውስጥ ነው። «ወርቃማው ዘመን» ካበቃ ከ10 ዓመት በኋላ የተሠራ፣ ከወርቃማው ብዙ ሸክላ የሚበልጥ ሥራ ነው። አንድ አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 እንደገና አወጣው፤ በሸክላም ታተመ። ካሴቱ እንዲከበር ሸክላ መሆን ነበረበት!

በፊልም በኩል ነገሩ ተመሳሳይ ስለሆነ አላስረዝመውም። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እ.ኤ.አ. በ2006 በማርቲን ስኮርሲዚ ፋውንዴሽን ድጋፍ ታድሷል፤ ይገባዋል። በቪዲዮ ካሴት የተሠሩት የአማርኛ ፊልሞች ግን የሚያድሳቸው ቀርቶ በሥርዓት የሚመዘግባቸው ማን ነው? ብዙዎቹ ደካማ ናቸው፤ ደካማነታቸውን ለመናገር ግን ቅጂው መኖር አለበት።

ወደ መጽሐፍ ልመለስ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የ1958 ዓ.ም. እትም በሰብሳቢዎች ዘንድ እንደ ቅርስ ይታያል። ይሁንና ይህን ልብ ወለድ በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው የተቀበለው ሰው ብዙ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው። የልብ ወለዱን ፍቅረኞች በዛብህንና ሰብለን ዛሬ ስናስብ የምንሰማው የእሱን ድምፅ ነው፤ መጽሐፉን በእጁ የያዘ ሰው እንኳ በእሱ ዕረፍትና በእሱ ጥድፊያ ያነባል። ይህ ከደራሲው ቀጥሎ የሁለተኛ ደራሲ ሥራ ነው፤ ያውም ፊርማ የሌለው። ሐዲስ የፈረሙበት ንጹሕ ቅጂ እጄ ቢገባ፣ አንድ ሰው ሬዲዮ ፊት መቅረጫ ደግኖ በቀዳው፣ መሐሉ ላይ የቤተሰብ ሳል በገባበት የወጋየሁ ካሴት ሳላመነታ እለውጠዋለሁ። ገንዘብ ጨምር ብባልም እጨምራለሁ።