ከተረት በኋላ፣ ከልብ ወለድ በፊት

«የዛሬ ልጅ አያነብም» የሚለው ሮሮ በየመጽሐፍ ምረቃው፣ በየሬዲዮ ውይይቱና በየወላጆች ስብሰባው ይሰማል። ከሳሹ ብዙ ነው፤ ተከሳሹ ግን አንድም ቀን ቀርቦ ቃሉን ሲሰጥ አልታየም። እኔም ሰሞኑን ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት ዓመት የሚሆናቸውን የሰፈሬን ተማሪዎች እየያዝኩ «ምን ታነባላችሁ?» ስል ሰነበትኩ። ጥናት አይባልም፤ ወግ ነው። ከወጉ እንደተረዳሁት ልጆቹ ያነባሉ፤ የሚያነቡትን ግን እነሱም እኛም «ንባብ» ብለን አንጠራውም።

አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ «መጽሐፍ አላነብም» ካለችኝ በኋላ፣ ትንፋሽ ሳትሰበስብ በቴሌግራም የምትከታተለውን የፍቅር ታሪክ ትተርክልኝ ጀመር። ክፍል ሠላሳ ምናምን ደርሷል። ጸሐፊው ማን እንደሆነ አታውቅም፤ ግድም የላት። ታሪኩን ተቀብዬ ጥቂት ክፍሎች አነበብኩ። እንደ ጽሑፍ ሲመዘን ደካማ ነው። ሰዎቹ የት ሰፈር እንደሚኖሩ፣ ምን ሠርተው እንደሚበሉ አይታወቅም፤ ወንዱ ሀብታም ነው፤ ሴቷ ታለቅሳለች፤ ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥብ የሚባሉት ከናካቴው ተሰደዋል። ቢሆንም ልብ ይሰቅላል። እያንዳንዱ ክፍል የሚቆመው ወይ በር ሲንኳኳ ወይ ስልክ ሲጠራ ነው። ብዙዎቹ «ቁም ነገረኛ» ደራስያኖቻችን ይህችን ሙያ ንቀው ትተዋታል፤ የናቋትን ሌላው አንስቶ እየነገደባት ነው።

በእኛም ጊዜ ነገሩ እምብዛም የተለየ አልነበረም። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሳለን መያዣ አስይዘን፣ በቀን ሒሳብ እየከፈልን የምንከራየው ማሞ ውድነህ የተረጎማቸውን የስለላ መጻሕፍትና የሲሳይ ንጉሡን «ሰመመን» ነበር። «ሰመመን» የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፍቅር ነው፤ እኛ ደግሞ ገና ጢም ያላበቀልን ልጆች ነበርን። የታላቅ ወንድም ሱሪ እግሩን አጥፎ እንደመልበስ ያለ ንባብ ነው። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» መጣና በየክፍሉ ዴስክ ሥር መነበብ ያዘ። በእኔ ፍርድ ሳይንሱ አያሳምንም፤ ገጸ ባሕርያቱም ሲነጋገሩ አዋጅ የሚያነቡ ይመስላሉ። ነገር ግን የጣናን ገዳማት፣ ምስጢርንና የውጭ ሰላዮችን አንድ ላይ ሰፍቶ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የሚራበውን ነገር በቁም ነገር ማቅረቡን አልክድም። ታዲያ ያም ቢሆን በተለይ ለልጆች ተብሎ የተጻፈ አልነበረም።

ለትንንሾቹ ተረት አለን። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍትን ሲከፍቱ ብዙ ታዳጊ መጽሐፍ ዳብሶ ገልጧል፤ የሚመሰገን ሥራ ነው። ለአዋቂውም ከሐዲስ ዓለማየሁ እስከ አዳም ረታ ድረስ አለን። መሐሉ ላይ ግን ክፍተት አለ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ሲመረቅ ስለ ሕንፃው ግዝፈት ብዙ ተብሏል። እኔን የሚያሳስበኝ አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከዚያ መደርደሪያ ፊት ቆሞ በአማርኛ፣ በራሱ ዕድሜ፣ ስለ ራሱ ሰፈር የተጻፈ ስንት መጽሐፍ ሊያነሳ እንደሚችል ነው።

ክፍተቱ የሚውልበት ዕድሜም ያው የክፉ ቀን ዕድሜ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት ሲሠራበት በኖረው ሥርዓት ልጁ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይማራል። አማርኛ ከትምህርቶቹ ሁሉ ቋንቋነት ወርዶ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሆናል። አማርኛ ግቢ ውስጥ ሲናገር የተገኘ ተማሪ የሚቀጣባቸው የግል ትምህርት ቤቶች መኖራቸውንም ወላጅ ሁሉ ያውቃል፤ አንዳንዱ እንዲያውም ስለዚያ ነው የሚከፍለው። እነዚህ ልጆች «ሃሪ ፖተር»ን በእንግሊዝኛ ይጨርሱታል፤ በአማርኛ ግን አንድ ገጽ ሲያነቡ እንደ ድንጋይ መንገድ ያንገጫግጫቸዋል።

በአማርኛው ክፍለ ጊዜ ደግሞ የሚጠብቃቸው «ምንባብ» ነው። ምንባብ ማለት ጥያቄ የሚከተለው ጽሑፍ ነው። ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ሁለት ገጽ ይቆረጣል፤ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ ማን እንደሆኑ ሳይታወቅ «የተሰመረበትን ቃል ተመሳሳይ ፍቺ ስጥ» ይባላል። በዚህ መንገድ ንባብ ከፈተና ጋር ይጋባል፤ ፈተናው ሲያልቅ ጋብቻውም ይፈርሳል። ከዚህ ጋር ሳነጻጽረው፣ ያንኑ መጽሐፍ ወጋየሁ ንጋቱ በተረከው ድምፅ ልብስ እያጠበ የሰማውና ስለ ጉዱ ካሳ ከእኔ ጋር የተከራከረው የዘጠነኛ ክፍል ልጅ የተሻለ አንባቢ ነው እላለሁ፤ ገጽ ሳይገልጥም ቢሆን።

መጽሐፍ ይወደድ፣ ወረቀት ይርከስ የሚለውን ለአሳታሚዎች ልተወው። የማውቃት አንዲት የአማርኛ መምህርት ግን ዘዴ ዘይዳለች። ተማሪዎቿ በስልክ ከሚከታተሉት ታሪክ አንዱን ክፍል በደብተር ገልብጠው እንዲያመጡ፣ ከዚያም ለሰዎቹ ሰፈርና ሥራ፣ ለዓረፍተ ነገሮቹም ሥርዓተ ነጥብ እንዲሰጡ ታዛቸዋለች። አንደኛው ቡድን ሀብታሙን ጎረምሳ መሳለሚያ አውርዶ የታክሲ ረዳት አደረገው። ታሪኩ ያኔ አላራምድ አላቸው። ባለ ቪላው ሰውዬ ሳንቲም እየቆጠረ እንዴት ያፍቅር? ተከራከሩ፣ ሰረዙ፣ የረዳቱን ንግግር ከታክሲ ውስጥ ለቅመው አመጡ፤ ሳይታዘዙም ሁለት ተጨማሪ ክፍል ጻፉ።

«ልጅቷ ግን» አለችኝ መምህርቷ እየሳቀች፣ «አሁንም ታለቅሳለች።»