የጋራ ሕንፃ ማኅበርና ዕድር

ስለ ጋራ ሕንፃ ቤት የወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 ዓ.ም. ቤት የገዛውን ሁሉ፥ ወደደም ጠላም፥ የሕንፃው ማኅበር አባል ያደርገዋል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ጣራው ሲያፈስ «የማን ነው?» የሚል ክርክር አይነሣም። ጉድለቱ ግን ተከራዩን መዘንጋቱ ነው። በደረጃው ዕለት ዕለት የሚወጣና የሚወርደው እርሱ ሆኖ ሳለ አባል አይደለም፤ ባለቤቱ ግን ሌላ ከተማ ተቀምጦም አባል ነው።

በሳንጃ እንደምናውቀው ዕድር የሚገባ ሰው የቤት ካርታ አምጣ አይባልም፤ ወርኃዊውን ከከፈለና ለቅሶ ከደረሰ ተከራይም ቢሆን ሰው ነው። (በርግጥ ዕድርም የቀረውን መቅጣት ያውቅበታል።) ዕድር ግን ጣራ አያሠራምና አንዱ ሌላውን ይተካ ማለታችን አይደለም። ማኅበሩ ስለ ጽዳት፥ ስለ ውሃና ስለ ጥበቃ ሲመክር ተከራይ ተቀምጦ እንዲናገር ደንቡ ቢፈቅድ፥ የባለቤቱ መብት የሚጎድልበት ምክንያት አይታየንም።