የአጥማጁ ደብተር

ርብና ጉማራ ወንዞች በፎገራ ሜዳ በኩል ወደ ጣና ሐይቅ ይገባሉ፤ በዚያ ሐይቅ ላይ የሚሠራ አጥማጅ የያዘውን በየዕለቱ የሚጽፍበት የግል መዝገብ ካለው፣ ከመረቡም ሆነ ከደንገል ከተሠራው ታንኳው የማያንስ መሣሪያ አለው።

በመዝገቡ ቀኑና ቦታው፣ የመረቡ ርዝመትና የዓይኑ ስፋት፣ መረቡ በውኃ ውስጥ የቆየበት ሰዓት፣ እንዲሁም የተያዘው ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ በየዓይነቱ ይሰፍራል። ከሁሉ የሚደነቀው ግን ባዶ እጅ የተመለሱበት ቀን የሚጻፍበት መስመር ነው፤ የሰው ትዝታ ትልቁን ዓሣ እንጂ ባዶውን መረብ ማስታወስ አይወድምና። ምርቱ ለድካሙ ሲካፈል፣ ማለትም በአንድ መረብ በአንድ ሌሊት ምን ያህል ዓሣ እንደተያዘ ሲሰላ፣ ጠቅላላው ምርት ሳይጎድል እንኳ የሐይቁ ሀብት እየሳሳ መሆኑ ሊታወቅ ይችላል፤ አጥማጁ መረብ በጨመረ ቁጥር ጉድለቱ ይሸፈናልና።

የጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምት ወደ ወንዞቹ ሽቅብ ወጥተው ዕንቁላል የሚጥሉ በመሆናቸው በወንዝ አፍ በቀላሉ ይጠመዳሉ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወሰዱትን ናሙና ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ደግመው ሲያነጻጽሩ ብዛታቸው በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ማግኘት የቻሉት፣ የመጀመሪያው ቁጥር ተጽፎ ስለቆየ ነው።

የመዝገቡን ድምር ኮምፒውተር ያፋጥነዋል፤ ታንኳ ላይ ለመጻፍ ግን ውኃ የማያደበዝዘው እርሳስ ይሻላል።