«የሰጠመ ቁጥቋጦ» ስለሚለው ስያሜ
ስለ ዓሣ ሀብት የሚጻፉ ትርጉሞች «የሰጠመ ቁጥቋጦ» የሚል ስያሜ ሲጠቀሙ እናያለን። ስያሜው የተስተካከለ አይመስለንም። «ሰጠመ» ከላይ ወደ ታች መውረድን ያመለክታል፤ ታንኳ ይሰጥማል። ወንዝ ተገድቦ፣ ከአቃቂ ቃሊቲ በታች እንዳለው አባ ሳሙኤል ያለ ሐይቅ ሲፈጠር ግን ቁጥቋጦው በበቀለበት ይቀራል፤ ከፍ የሚለው ውሃው ነው።

«የውሃ አረም» የሚለው አተረጓጎም ደግሞ የባሰ ነው። አረም፣ በአባ ሳሙኤል ላይ እንደሚንሳፈፈው እምቦጭ፣ ይነቀል የሚል ፍርድ ያዘለ ቃል ነው። ከውሃ በታች የቆመው ቅርንጫፍ ግን የዓሣ ጫጩት መጠለያ ነው። ለቀዛፊም ቢሆን እምቦጩ ከሩቅ ይታያል፤ ይህኛው ሳይታይ ታንኳ ይበሳል።

ስለዚህ «ውሃ የዋጠው ቁጥቋጦ» የሚለውን እንመርጣለን። «የሰጠመ» የሚለው፣ ሰው ለዓሣ መጠለያ ብሎ ለሚጥለው ጭራሮ ይቆይ።