የዘገየ ሸክላና የቸኮለ ጆሮ

የአንድ ድርሰት ወይም የአንድ ዜማ ሒስ የሚጻፈው ሥራው ከአንባቢው ወይም ከአድማጩ እጅ ከገባ በኋላ መሆኑ የታወቀ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ገና ሳይወጣ ስሙ የገነነ፥ ገና ሳይሰማ የተወደሰና የተነቀፈ፥ በመጨረሻም ብቅ ባለ ጊዜ ከገዛ ዝናው ጋር እንዲታገል የተገደደ ሥራ አንዳንድ ጊዜ ያጋጥማል። እንዲህ ላለው ሥራ ሒሱ መጀመር የሚገባው ከዘፈኑ ሳይሆን ከጥበቃው ነው። አድማጭ ሲጠብቅ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥምና፤ የሚወደው ዘፋኝ ያልዘፈነውን በልቡ ያዘፍነዋል፥ ያልመታውን ክር ያስመታዋል፤ ውሎ አድሮም ማንም ያልቀዳው፥ ጕድለትም የማይገኝበት አንድ አልበም በሐሳቡ ውስጥ ተሠርቶ ያልቃል። እውነተኛው ሸክላ በወጣ ቀን የሚመዘነው ከዚህ ካልተቀዳው ጋር ነው። (ሸክላ ማለቴ በቆየው ልማድ ነው እንጂ፥ ዛሬ ዘፈን በምን እንደሚሸጥ አንባቢ ያውቀዋል።)

ይህን ለመመርመር ጋንስ ኤን ሮዝስ ከተባለው የአሜሪካ የሮክ ሙዚቃ ጓድና «ቻይኒዝ ዲሞክራሲ» ከተሰኘው አልበሙ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ጓዱ የተቋቋመው በሎስ አንጀለስ ከተማ በ1985 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። በ1987 ያወጣው የመጀመሪያ አልበም በአሜሪካን አገር ብቻ እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ቅጅ ተሸጠለት። ሴፕቴምበር 17 ቀን 1991 ደግሞ «ዩዝ ዮር ኢሉዥን» የተባሉትን ሁለት አልበሞች በአንድ ቀን አወጣ፤ ሱቆች በእኩለ ሌሊት ተከፍተው ሸጡ፥ ሁለተኛው ክፍል በአገሪቱ የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ፥ መጀመሪያው ክፍል ሁለተኛ ሆነ። በ1993 የሌሎችን ዘፈን የያዘ አንድ አልበም ከወጣ በኋላ ግን ዝምታ ሆነ። ጊታር መቺው ስላሽ በ1996፥ ባስ ጊታር መቺው ደፍ መኬገን በ1997 ጓዱን ለቀቁ። ስሙን ይዞ የቀረው ዘፋኙ አክስል ሮዝ ነበር።

እርሱም በ1999 የሚመጣው አልበም ስም «ቻይኒዝ ዲሞክራሲ» እንደ ሆነ ለሕዝብ ተናገረ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው ብል ደፍሬ አይደለም። በእኛ ልማድ ልጅ ሳይወለድ ስም አይወጣለትም፤ ስም የወጣለት ነገር ሁሉ እንዳለ ነገር ይቈጠራልና። አልበሙም ስም ካገኘበት ቀን ጀምሮ የዘፋኙ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ የቀኑን መድረስ የሚቈጥሩ ብዙ ሺህ ወዳጆች ባለ ድርሻ ሆኑ።

የእነዚህ ወዳጆች አጠባበቅ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በጃንዋሪ 2001 ጓዱ በሪዮ ዲ ጃኔሮ በተደረገው ትልቅ የሙዚቃ በዓል ላይ በዐዳዲስ ሰዎች ተጠናክሮ ቀረበና ከሚጠበቁት ዘፈኖች ጥቂቶቹን ለሕዝብ አሰማ። በዚያ ሌሊት የተቀዳው ድምፅ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ዘፈኖቹ ከመውጣታቸው ሰባት ዓመት በፊት ግጥማቸው የተጠና፥ ዜማቸው የተለመደ ሆነ፤ ኋላ «ስትሪት ኦቭ ድሪምስ» ተብሎ የታተመውን ዘፈን ወዳጆቹ «ዘ ብሉዝ» በሚል ስም ያውቁት ነበር፥ ሲታተምም ስሙ ለምን ተለወጠ ብለው ተከራከሩ። በእኛም አገር በካሴት ዘመን ለበዓል ዋዜማ ይወጣል የተባለ ዘፈን ቀርቶ ለሚቀጥለው በዓል ሲተላለፍ ሰው ያጕረመርም እንደ ነበር የምናስታውስ አለን፤ የእነዚህ ሰዎች ጕርምርምታ ግን ከበዓል ወደ በዓል ሳይሆን ከልጅነት ወደ ጕልምስና የተሻገረ ነው። ቀለበት ሳያስር መጠበቅ የጀመረ ጐረምሳ አልበሙ ሲወጣ የልጆች አባት ሆኖ አገኘው።

ጥበቃው በረዘመ ቍጥር ፌዝ ተጨመረበት። ዘ ኦፍስፕሪንግ የተባለ ሌላ የካሊፎርኒያ ጓድ በ2003 የራሱን ዐዲስ አልበም በዚሁ ስም አጣምሞ ሊሰይመው እንዳሰበ አስታውቆ አሳቀ። በማርች 2005 ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የአልበሙ ወጪ ቢያንስ 13 ሚሊዮን ዶላር እንደ ደረሰ ጻፈ። በ2008 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ዶክተር ፔፐር የተባለው የለስላሳ መጠጥ ኩባንያ፥ አልበሙ ዓመቱ ሳያልቅ ከወጣ ለአሜሪካ ሰው ሁሉ አንዳንድ ጣሳ በነጻ እንደሚያድል ቃል ገባ፤ ከዕድሉ የተከለከሉት ጓዱን የለቀቁት ሁለቱ ጊታር መቺዎች፥ ስላሽና በኬትሄድ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ጁን ወር ዘጠኝ ዘፈኖች ያለ ፈቃድ በኢንተርኔት ተበተኑ፤ የበተነውም ሰው ተይዞ የቤት ውስጥ እስራት ተፈረደበት። የሥነ ጥበብ ፍቅር ሰውን እስከ ፍርድ ቤት ሲያደርስ ማየት የተለመደ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ጫጫታ በስተጀርባ በድምፅ መቅጃው ክፍል ምን ይደረግ ነበር? መዘግየቱን የስንፍና ፍሬ አድርገው የሚቈጥሩት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ተቃራኒው ይመስለኛል። ሥራው ከመጠን በላይ ተሠራ። አቀናባሪዎች ተለዋወጡ፤ እያንዳንዱም ካለፈው ሰው ሥራ ላይ የራሱን ደረበበት። ጆሽ ፍሪዝ የተባለው ከበሮ መቺ ሥራውን ለቆ በሄደ ጊዜ፥ ተተኪው ያንኑ ምት አንድም ሳያዛንፍ እንደ ገና እንዲመታው እንደ ታዘዘ ተነግሯል፤ ተተኪውም የሌላውን ሰው ስሜት በወረቀት አስጽፎ እያነበበ መታው። የኵዊን ጓድ ጊታር መቺ ብራያን ሜይ በ1999 «ካቸር ኢን ዘ ራይ» በሚለው ዘፈን ላይ የተጫወተው ጨዋታ ተቀድቶ ነበር፤ በታተመው ቅጅ ግን ወጥቶ ተገኘ። በመጨረሻው አልበም ላይ ከአምስት የማያንሱ የጊታር መቺዎች ስም ተዘርዝሯል። አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ፤ ዱቄቱን ሳያፈስ በወንፊት ሲነፋ፥ መልሶም ሲነፋ እራቱ ስላለፈበት ሰው ግን የተናገሩት የለም።

አልበሙ ኖቬምበር 23 ቀን 2008 ወጣ። በአሜሪካን አገር ቤስት ባይ በተባለው የሱቅ ድርጅት ብቻ እንዲሸጥ ተደረገ፤ በመጀመሪያው ሳምንት 261 ሺህ ያህል ቅጅ ተሸጦ በሠንጠረዡ ሦስተኛ ሆነ። ለሌላ ጓድ ይህ ሠርግ ነው፤ ለዚህኛው ሐዘን ተባለ። ያ የመጠጥ ኩባንያ እንኳ ለአንድ ቀን የከፈተው የዕደላ ሥፍራ በሕዝብ ብዛት ተጨናንቆ ከጓዱ ጠበቆች ጋር አጣላው።

በጊዜው የተጻፉትን ሒሶች ያገላበጠ ሰው፥ ብዙዎቹ ከዘፈን ይልቅ የሒሳብ መዝገብ ሲመረምሩ ያገኛቸዋል። ይህን ያህል ዓመት፥ ይህን ያህል ገንዘብ፥ ውጤቱ ይኸው ነውን? የሚል ነው ነገራቸው። ጆሮ ግን ዓመት አይሰማም። አድማጭ አሥራ አራቱን ዘፈኖች ታሪካቸውን ሳያውቅ ቢሰማቸው፥ ከጥቂቶቹ ጋር በእርግጥ ይወዳጃል። «ቤተር» በቀጭን፥ በተሰበረ ድምፅ ተጀምሮ ወደ ቍጣ የሚሻገርበት መንገድ የአዋቂ ሥራ ነው። «ዜር ዋዝ ኤ ታይም» የመዘምራንና የባለ አውታር መሣሪያ ድምፅ እየተደራረበበት ቢከብድም፥ በመጨረሻው የጊታር ጨዋታ ሸክሙን ሁሉ አንሥቶ ይሄዳል። «ዚስ አይ ላቭ» ከፒያኖ ጋር ብቻውን የቆመ ሰው ለቅሶ ነው፤ እዚህ ላይ አክስል ሮዝ ማንንም ለማስደነቅ አልሞከረም፥ ስለዚህም አስደነቀ። በሌላው በኩል «ማዳጋስካር» በሪዮ ሲዘፈን የነበረውን ግርማ፥ የማርቲን ሉተር ኪንግን ንግግርና ከሲኒማ የተቈረጠ ድምፅ በላዩ ላይ በመከመር አዳክሞታል፤ የሚናገር ሰው ሲበዛ የሚዘፍነው አይሰማም። «ሻክለርስ ሪቬንጅ» ደግሞ የብረታ ብረት ፋብሪካ ጫጫታ እንጂ ዘፈን ለመሆን ጥቂት ይቀረዋል። እንግዲህ አልበሙ ደካማም ታላቅም አይደለም፤ በቃ የሚለው ሰው ያጣ መልካም ሥራ ነው።

ታዲያ ወዳጆቹ ለምን እንዲህ አዘኑ? እዚህ ላይ ነው የጥበቃው ምሥጢር የሚገለጠው። አንደበታቸው ዐዲስ አልበም እንጠብቃለን ቢልም፥ ልባቸው ይጠብቅ የነበረው የ1987ቱን አምስት ወጣቶች ነበር። የተመኙት የሚመጣውን ሳይሆን ያለፈውን ነው። ይህን ምኞት ሊፈጽም የሚችል ዘፋኝ ደግሞ የለም፤ ዐርባ ስድስት ዓመት የሆነው ሰው የሃያ አምስት ዓመቱን ራሱን አስመስሎ ቢዘፍን ሐሰተኛ ይሉታል፥ ሳያስመስል ቢዘፍን ከዳን ይሉታል።

ይህን ፍርድ ለማጽናት ሌሎች ሁለት ጓዶችን ባጭሩ ማየት ይበቃል። ማይ ብለዲ ቫለንታይን የተባለው ጓድ በ1991 «ላቭለስ»ን ካወጣ በኋላ ቀጣዩን አልበም ያወጣው ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2013 ነው። ጥበቃው ከጋንስ ኤን ሮዝስ የረዘመ ነበር፤ በራሱ የኢንተርኔት ገጽ ሲሸጠውም ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ገጹ ወዲያው ቆመ። ነገር ግን ወደ መቅጃው የተመለሱት የቀድሞዎቹ ሰዎች ነበሩ፤ ዘጠኝ ዘፈን ብቻ ያለው አልበም የጀመረው ጓዱ ከተወው ሥፍራ ሲሆን፥ ወደ መጨረሻው ግን የአውሮፕላን ጩኸት ወደሚመስል ወዳልተለመደ ድምፅ አድማጩን ይዞት ሄደ። አስቀድሞ አጽናንቶ ኋላ አስደነገጠው ማለት ነው፤ ይህ ቅደም ተከተል በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። ቱል የተባለው የሎስ አንጀለስ ጓድም ከ2006 እስከ ኦገስት 30 ቀን 2019 ድረስ አሥራ ሦስት ዓመት አስጠብቆ «ፊር ኢኖኩለም»ን ሲያወጣ፥ ከአሥር ደቂቃ የሚያልፉ ዘፈኖች የሞሉበት አልበም በአሜሪካ አንደኛ ሆነ። እዚያም አራቱ ሰዎች አራቱ ናቸው።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ነገሩን ወደ ዕዳና ወደ መብት ይወስዱታል። ዘፋኝ ለወዳጆቹ አልበም ዕዳ አለበትን? እኔ የለበትም እላለሁ። ትናንት የገዛሁት ሸክላ ዋጋው ትናንት ተከፍሎ ዐልቋል፤ ለነገው ሸክላ የከፈልኩት ሽልንግ የለም። ዘፋኙ ግን በገዛ አፉ ስም አውጥቶ፥ ወር ቈርጦ፥ በዐደባባይ አሰምቶ ከተናገረ ነገሩ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ዕዳው የዘፈን ሳይሆን የቃል ነው። ወዳጆቹም በበኩላቸው ያለ ዕዳ አይደሉም። ይህን ያህል ዘመን የጠበቁትን አልበም በመጀመሪያው ሌሊት አንድ ጊዜ ሰምተው ፍርድ የጻፉት ብዙዎች ናቸው፤ ለመስማት አሥራ ሰባት ዓመት የታገሠ ሰው ለመፍረድ አሥራ ሰባት ቀን መታገሥ እንዴት ተሳነው? በሐሳብ የተሠራው አልበም እስኪደበዝዝና የታተመው በራሱ ድምፅ እስኪናገር ድረስ ጥቂት ጊዜ መስጠት የአድማጭ ወግ ነው።

በ2016 ስላሽና ደፍ መኬገን ወደ ጓዱ ተመለሱ። ለሦስት ዓመት ያህል በዓለም ዞረው የዘፈኑበት ጕዞ ከ580 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ ስታዲየሙን የሞላው ሕዝብ የመጣውም የ1987ቱንና የ1991ዱን ዘፈን ሊሰማ እንደ ነበረ ግልጽ ነው። ሆኖም በዚያ ጕዞ ላይ ከ«ቻይኒዝ ዲሞክራሲ» ጥቂት ዘፈኖች በየሌሊቱ ይገቡ ነበር፤ ስላሽም እርሱ በሌለበት የተቀዳውን «ዚስ አይ ላቭ»ን በራሱ ጣት ተጫወተው። ከአሥር ዓመት በፊት አልበሙን የነቀፉ ወዳጆች ለዚህ ዘፈን ሲያጨበጭቡ ተሰሙ፤ ዜማው ያው፥ ግጥሙም ያው ነበር፤ የተለወጠው ጊታሩን የያዘው ሰው ነው። በኦገስት 2021 ደግሞ «አብሰርድ» የሚባል ዘፈን እንደ ዐዲስ ወጣ። በሪዮ የተቀዳውን ድምፅ ጠብቀው ያቆዩት ግን ወዲያው ዐወቁት፤ በ2001 በዚያ ሌሊት «ሲልክዎርምስ» በሚል ስም ሰምተውት ነበርና፥ ሁለቱን አቀራርበው እያሰሙ የትኛው ይሻላል በሚል ክርክር ያዙ።