ከማስተር ጋር የተጓዙ ሁለት ሴቶች

«ዶክተር ሁ» የተባለው ሳይንሳዊ ልቦለድ ተከታታይ ድራማ በቢቢሲ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው። ከዚያ ወዲህ ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ ዶክተሩ፣ ብቻውን ሲጓዝ የታየባቸው ጊዜያት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከውጭ ሲያዩት የፖሊስ ስልክ ሣጥን፣ ውስጡ ሲገቡ ግን አዳራሽ የሚያህለው ታርዲስ የተባለው መንኮራኩሩ ያለ እንግዳ አይንቀሳቀስም። እንግዳው ብዙ ጊዜ ከምድር የተነሣች ወጣት ሴት ናት። እሱ ያሳያል፣ እሷ ትጠይቃለች። እሱ ብዙ ዘመን ኖሮ የለመደው ነገር ለእሷ አዲስ ነው። እኛ ተመልካቾቹም የምናየው በእሷ ዓይን ነው።

ጠላቱስ? ማስተር የሚባለው የዶክተሩ ባላንጣ የእሱው ወገን ነው፤ ከአንድ ፕላኔት የወጡ፣ ልጅነታቸውን አብረው ያሳለፉ ናቸው። እሱም መንኮራኩር አለው፣ ዕውቀቱም ከዶክተሩ አያንስም፣ ሲሞት በሌላ መልክ መነሣትም ይችልበታል። የጎደለው አብሮት የሚጓዝ ሰው ነበር። ለእንዲህ ያለ ክፉ የመንገድ ጓደኛ ይሰጠው ወይስ ብቸኝነቱ ይሻላል? እኔ ይሰጠው ባይ ነኝ። ምክንያቴም እ.ኤ.አ. በጁን 2007 በሦስት ተከታታይ ቅዳሜዎች የታዩት፣ ራስል ቲ ዴቪስ የጻፋቸው «ዩቶፒያ»፣ «ዘ ሳውንድ ኦፍ ድራምስ» እና «ላስት ኦፍ ዘ ታይም ሎርድስ» ናቸው። ሁለቱ ሴቶች በእነዚህ ሦስት ክፍሎች ውስጥ የተቀረጹበትን ጥበብ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

በፊት እንዴት እንደነበረ ላስቀድም። ማስተርን መጀመሪያ የተጫወተው ሮጀር ዴልጋዶ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1973። ጺሙ የተስተካከለ፣ አነጋገሩ የታረመ፣ ሰውን በዓይኑ አፍዝዞ የሚያዝ ሰው ነበር። የፈዘዘ ሰው ግን መሣሪያ እንጂ ጓደኛ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1972 በታየው «ዘ ሲ ዴቭልስ» ውስጥ ግን አንዲት አጭር ትዕይንት አለች። ማስተር ለእሱ ብቻ በተዘጋጀ እስር ቤት ውስጥ ሆኖ በቴሌቪዥን የሕፃናት የአሻንጉሊት ፕሮግራም ይመለከታል። ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን መስለውታል። የእስር ቤቱ ኃላፊ ኮሎኔል ትሬንቻርድ ይገባና አሻንጉሊቶች ብቻ መሆናቸውን በደግነት ያስረዳዋል። ትሬንቻርድ ፈዞ አይደለም ማስተርን የሚረዳው፤ አገሬን ከአጥፊዎች እጠብቃለሁ ብሎ አምኖ ነው። ያቺ ትዕይንት እንዳለቀች ስለ ማስተር ከአሥር ዛቻ የማይገኝ ነገር ይዘን እንወጣለን፤ ምክንያቱም አጠገቡ የሚያዋራው ሰው ነበረ። ትሬንቻርድ በዚያ እምነቱ ሞተ፤ መንገዱም ለሠላሳ አምስት ዓመት ያህል የሚከተለው ሳያገኝ ቆየ። በመካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1983፣ ካሜሊዮን የተባለ መልኩን የሚቀያይር ሮቦት ከማስተር ጋር መጥቶ ነበር። እሱም የያዘው ሰው ፈቃድ የሚነዳው ዕቃ ስለነበር ጉዳያችንን አያራምድም።

ወደ «ዩቶፒያ» እንምጣ። ዘመኑ መቶ ትሪሊዮን ዓመት ወደፊት ነው። ከዋክብት አንድ በአንድ ጠፍተው አልቀዋል። የመጨረሻዎቹ ሰዎች በአንዲት ጨለማ ፕላኔት ላይ ተጠልለው፣ ዩቶፒያ ወደተባለ ስፍራ የሚወስዳቸው ሮኬት እስኪነሣ ይጠብቃሉ። ሮኬቱን ለማስነሣት የሚለፋው ፕሮፌሰር ያና የተባለ ደግ ሽማግሌ ነው፤ ዴሬክ ጃኮቢ ይጫወተዋል። ረዳቱ ቻንቶ የዚያች ፕላኔት ሕዝብ ሁሉ አልቆ የቀረች አንዲት ፍጡር ናት። ከያና ጋር አሥራ ሰባት ዓመት ሠርታለች። ትወደዋለች፤ እሱ ግን ልብ ብሎ አያውቅም። ይህን የምትረዳላት ከዶክተሩ ጋር የምትጓዘው ማርታ ናት፤ እሷም ዶክተሩን ወዳ ልብ ያላላት ሴት ናትና። ሁለቱ የመንገድ ጓደኞች ሥራ እየሠሩ የሚያወሩባት ትዕይንት ዘና ያለች ትመስላለች፤ ደራሲው ግን በኋላ የሚፈነዳውን ሁሉ የቀበረው እዚያች ውስጥ ነው።

ቻንቶን የተጫወተችው ቺፖ ቸንግ ናት። በዚምባብዌ ያደገች ተዋናይት ስትሆን፣ እናቷ ፌይ ቸንግ የዚምባብዌ ትምህርት ሚኒስትር ነበሩ፤ በኋላም አዲስ አበባ የሚገኘውን የዩኔስኮ የአፍሪካ አቅም ግንባታ ተቋም በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት መርተዋል። ልጅቱ በዚህ ክፍል ላይ ፊቷ በጭምብል ተሸፍኗል፣ የነፍሳት የሚመስል መንጋጋም ተገጥሞላታል። ለትወና የቀሯት ዓይኗ፣ ድምፅዋና የአንገቷ አያያዝ ናቸው፤ በእነሱ ብቻ ዓይን አፋር፣ ትጉህና አፍቃሪ የሆነች ሴት አድርጋ አቁማታለች።

አነጋገሯም ልዩ ነው። ዐረፍተ ነገሯን ሁሉ «ቻን» ብላ ትጀምራለች፣ «ቶ» ብላ ትጨርሳለች። ማርታ እነዚህን ትተሽ ተናግረሽ አታውቂም ወይ ብላ ስትጠይቃት፣ እንዲያ ማድረግ እንደ መሳደብ የሚቆጠር ነውር መሆኑን ትነግራታለች። ማርታ ግን አትለቃትም፤ እስቲ አንዴ ብቻ ትላታለች። ቻንቶም አንዲት ቃል ያለ «ቻን»ና ያለ «ቶ» ወርውራ እንደ ልጅ በኀፍረት ትስቃለች። ተመልካችም ፈገግ ብሎ ያልፋል።

ከዚያ ፕሮፌሰሩ ለዘመናት ከኪሱ ያልተለየውን የተዘጋ ሰዓት ይከፍታል። እውነተኛ ማንነቱ እዚያ ውስጥ ታሽጎ ነበርና ደጉ ሽማግሌ በቅጽበት ጠፍቶ ማስተር ይነሣል። ጃኮቢ ይህን የሚያሳየው በዓይኑ ነው፤ ድምፁም ይለወጣል፣ ሙቀቱ ሁሉ ይወጣለታል። የመከላከያውን በር ለጠላት ሲከፍት ቻንቶ መሣሪያ አንሥታ ልታስቆመው ትሞክራለች። እሱ ደግሞ የኤሌክትሪክ ገመድ ይዞ ይዞርባታል። ያን «ቻን»ና «ቶ» አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲያሳብደው እንደኖረ ይነግራታል። ትንሽ ቀደም ብሎ ያሳቀን አነጋገር ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን የጥላቻ መሣሪያ ሆኖ። ደራሲው አዲስ ነገር አላመጣም። በእጃችን የሰጠንን ያንኑ ነገር ገልብጦ መለሰልን።

ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ፕሮፌሰሩ የሚባል ሰው ፈጽሞ እንዳልነበረ ሲነግራት፣ እንግዲያስ ማን ነህ ብላ ትጠይቀዋለች፤ ስሙንም የሚናገረው ያኔ ነው። ተከታታዩ እ.ኤ.አ. በ2005 እንደ አዲስ ከጀመረ ወዲህ ተመልካች ሲጠብቀው የነበረ ስም ነው። ደራሲው ይህን ስም ለዶክተሩ እንዲነገር ማድረግ ይችል ነበር፤ ዶክተሩ ከበሩ ማዶ ቆሞ እየደበደበ ነው። ነገር ግን ለቻንቶ ሰጣት። አብሮ ተጓዥ ሥራዋ መጠየቅ ነውና የመጨረሻውን ትልቅ ጥያቄ እሷ ጠየቀች። ጥያቄዋንም በ«ቻን» ጀምራ በ«ቶ» ነው የጨረሰችው። ለማርታ ብላ በሳቅ የጣሰችውን ጨዋነት ለገዳይዋ ስትል አልጣሰችም። ይህን ያየሁበት ዓይን ዛሬም እንባ ያቀርራል።

ይገድላታል። እሷ ግን ልትሞት ስትል ትተኩስበታለች፤ በዚያ ቁስል የተነሣ ሽማግሌው ሞቶ በጆን ሲም መልክ ወጣት ሆኖ ይነሣል። አዲሱ ማስተር የተወለደው አብራው ከኖረች ሴት ጥይት ነው። ይህን እንያዘው።

በሁለተኛው ክፍል ማስተር ሃሮልድ ሳክሰን በሚል ስም የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል፣ ሚስትም አለችው፤ ሉሲ። አሌክሳንድራ ሞኤን የምትጫወታት የባላባት ልጅ ናት፣ ፀጉሯ ወርቃማ፣ አነጋገሯ ቀዝቀዝ ያለ። ቪቪየን ሩክ የተባለች ጋዜጠኛ ለቃለ መጠይቅ መጥታ ትገባና፣ የባልሽ የሕይወት ታሪክ ሁሉ የተፈጠረ ነው፣ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት እንዲህ የሚባል ሰው አልነበረም ብላ ታስጠነቅቃታለች። የተለመደ ድራማ ቢሆን ሚስቲቱ እዚህ ላይ ትደነግጥና ለጋዜጠኛዋ ምስጢር ታወጣ ነበር። ሉሲ ግን በደጉም በክፉውም ብላ የገባችበትን ቃል ኪዳን አስታውሳ ምርጫዬን መርጫለሁ ትላለች። ዞር ስንል ማስተር እዚያው ቆሟል። ሉሲ ታውቃለች። ከትሬንቻርድም ከቻንቶም የሚለያት ይኸው ነው፤ እሷ አልተታለለችም፣ አልፈዘዘችም።

ጋዜጠኛዋ ስትገደል ባልና ሚስቱ ከክፍሉ ወጥተው በሩን ይዘጋሉ። ማስተር በሩን ገርበብ ሲያደርገው ጩኸቱ ይሰማል፣ ሲዘጋው ዝም ይላል፣ እንደገና ሲከፍተው ጩኸቱ አሁንም አላቆመም። የጆን ሲም ቀልደኛነት ዓይን ስለሚስብ ብዙ ሰው እሱን ብቻ ያያል። እሷን እዩአት። ፍርሃትዋ ለሟቿ ሳይሆን ስለ ምስጢሩ መውጣት ነው፤ ሌላስ ስንት ሰው ያውቅ ይሆን ብላ ትጨነቃለች። ሞኤን ይህን የምትጫወተው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ባልዋ እንዲያባብላት እየጠበቀች ነው። ክፋት በቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል ከዚህ በተሻለ ሲታይ አላየሁም።

እንዴት እዚህ ደረሰች? መልሱ በሦስተኛው ክፍል ይመጣል፤ ለእኔ የሦስቱም ክፍሎች ቁልፍ ነው። ማስተር ለዶክተሩ፣ አንተ እንደምታደርገው እኔም የሰው ልጅ የሆነች ጓደኛዬን ይዤ ከዋክብትን ላሳያት ሄድኩ ይለዋል። የወሰዳት የዓለማት መጨረሻ ወደሆነው ዘመን ነው። ያየችውን እንድትናገር ያዛታል፤ እሷም ፍጥረት ሁሉ ሲሞት እንዳየች፣ ከዚያ በኋላም ምንም ነገር ትርጉም እንደሌለው እንደተረዳች ደረቅ ባለ ድምፅ ትናገራለች።

ይህን የጻፈው ሰው ከሁለት ዓመት በፊት ምን ጽፎ ነበር? እ.ኤ.አ. በ2005 አዲሱ ተከታታይ ሲጀምር፣ ዶክተሩ ሮዝ ታይለርን መጀመሪያ የወሰዳት ምድር ከአምስት ቢሊዮን ዓመት በኋላ ስትቃጠል እንድታይ ነበር። እሷም ልቧ ተሰብሮ አየች። ዶክተሩ ግን ወደ ዘመኗ፣ ሰው ወደሚተራመስበት መንገድ መለሳትና ቺፕስ ልትጋብዘው አብረው ሄዱ። ሁለቱም ወንዶች ለጓደኛቸው ያሳዩት መጨረሻውን ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ባለው ነው፤ ሮዝን ወደ ሰው መሐል የመለሳት ነበረ፣ ሉሲን ግን ማንም አልመለሳትም። አንድን ሰው ክፉ ለማድረግ ማፍዘዝ አላስፈለገም፣ አንድ ጉዞ በቃ። ማስተር ጓደኛ ባይኖረው ኖሮ ይህን ማወዳደር ከቶ የት እናገኘው ነበር?

በዚሁ ክፍል፣ በታሪኩ አንድ ዓመት አልፎ ማስተር ምድርን ሲገዛ፣ ሉሲ ቀይ የራት ልብስ ለብሳ ትታያለች፤ ዓይኗ ዙሪያ በልዟል። እሱ በዘፈን እየጨፈረ ይገባል፣ ይስማታል፣ ያሽከረክራታል። እሷ እንደ ዕቃ ትዞራለች። ማን መታሽ የሚል የለም፣ የሚያስረዳ ንግግርም አልተጻፈም። ሜካፕ ሠሪው፣ አልባሳት መራጩና ተዋናይቱ ተባብረው የአንድ ዓመት ትዳር በጥቂት ሰከንዶች ነገሩን። ዳይሬክተሩ ኮሊን ቲግ ካሜራውን ፊቷ ላይ አላስጨነቀውም፤ ላየ ሰው ይበቃል ብሎ ተወው። ይህን ዓይነት ቁጥብነት ነው አድናቆት የሚገባው።

ማስተር ከተሸነፈ በኋላ መጀመሪያ መሣሪያ የምትደግንበት የማርታ እናት ናት። ዶክተሩ ለምኖ ያስቀራታል። ከዚያ ማስተርን ራሱ ይዞት እንደሚኖር፣ በመንኮራኩሩ ውስጥ እንደሚጠብቀው ይናገራል። አደጋው አለፈ ስንል ተኩስ ይሰማል፤ ሉሲ ናት። ማስተርም በሌላ መልክ መነሣት እየቻለ እምቢ ብሎ በዶክተሩ እቅፍ ይሞታል። አንዷ አብሮ ተጓዥ ተኩሳ ያስነሣችውን ሌላዋ ተኩሳ ጣለችው። ሦስቱ ክፍሎች በእነዚህ ሁለት ጥይቶች መካከል የተዘረጉ ናቸው፤ ደራሲው ግን ይህን በቃል አንዴም አያነሣውም።

ሉሲ እ.ኤ.አ. በ2009 ገና ዕለት በታየው «ዚ ኤንድ ኦፍ ታይም» ተመልሳ መጥታ ማስተር እንዳይነሣ ስትታገል ትሞታለች። ያ ትዕይንት ተጣድፏል፤ እንዲህ ላለች ገጸ ባሕርይ ጥቂት ደቂቃ አይበቃትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ስቲቨን ሞፋት ሚሲ በተባለችው ሴቷ ማስተር አማካይነት ነገሩን በሌላ በኩል ሞከረው። ዶክተሩ ሊፈትናት የራሱን ጓደኞች ሰጥቶ ይልካታል፤ እሷም አንዱን ነገር አብራሪ፣ ሌላውን አሳቂ እያለች በድራማ ውስጥ ባላቸው ሚና ትጠራቸዋለች። ሚሼል ጎሜዝ ድንቅ አድርጋ ተጫውታዋለች፣ ሐሳቡም ብልህ ነው። ሆኖም የተዋሰችው ጓደኛ እንጂ የራሷ ስላልሆነ እንደ ሉሲ ልብ አይነካም።

ስለ እነዚህ ሦስት ክፍሎች ሲወራ የሚወደሱት ጃኮቢና ሲም ናቸው፤ ይገባቸዋል። እነሱን ያቆማቸው ግን የቺፖ ቸንግና የአሌክሳንድራ ሞኤን ሥራ ነው። ወደፊት ለሳይንሳዊ ልቦለድ ክፉ ሰው የሚጽፍ ሁሉ አብራው የምትጓዝ ሰው ይፍጠርለት፤ የምታይ፣ የምትጠይቅ፣ መምረጥ የምትችልም ትሁን። አንባቢም ክፍሎቹን እንደገና የማየት ዕድል ካገኘ፣ በዚህኛው ጊዜ ማስተርን ትቶ ሁለቱን ሴቶች ብቻ ይከታተል።