«በሞቴ፣ አንድ ብቻ!»

የብሌክ ኤድዋርድስን «ዴይስ ኦቭ ዋይን ኤንድ ሮዝስ» (1962 እ.ኤ.አ.) ሰሞኑን ደግሜ አየሁት። ጃክ ሌመን የሚጫወተው ጆ ጠጪ ነው፤ ሊ ሬሚክ የምትጫወታት ክርስተን ግን የምትወደው ቸኮሌት ነው። ጆም ቸኮሌት ቸኮሌት የሚል መጠጥ አዝዞ ያስጀምራታል። በክፋት ሳይሆን በፍቅር። የእኛም ሰው «በሞቴ!» ሲል እንዲሁ አይደል?

ጆ የደበቀውን ጠርሙስ ሲፈልግ የአማቱን የአበባ ተክል ቤት የሚያወድምበት ትዕይንት ብዙ ይወደሳል። ለእኔ ግን ጩኸቱ በዛብኝ። መጠጥ ካቆምኩ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የሚፈትነኝ የተደበቀው ሳይሆን ፊቴ የሚቀዳልኝ ነው። ሠርግ ላይ ለስላሳ ስይዝ «ምነው፣ አመመህ?» እባላለሁ። «ታክሲ እነዳለሁ» እላለሁ፤ በዕረፍት ቀኔም ጭምር። (ተማሪዎቼን ውሸት ነውር ነው ስል የኖርኩት ሰውዬ!)

ስለዚህ የፊልሙን እውነት ያገኘሁት ሞቴሉ ውስጥ ነው። ጆ አቁሟል። ክርስተን ብቻዋን መጠጣት ከብዷት አብሯት እንዲጠጣ ትለምነዋለች፣ ትቆጣዋለች፤ ይሸነፋል። ሬሚክ እዚህ ላይ ክፉ አትመስልም፤ የሚታይባት ብቸኝነት ነው። መጨረሻ ላይ ግን መጠጡን ሳትተው ወደ ቤት ልመለስ ስትለው ጆ እምቢ ይላል። ስትሄድ በመስኮት ያያታል፤ የቡና ቤቱ መብራት መስታወቱ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል።